የሚጮኸው ዘንግ

፩ የጠፋው ቀለበት

በሐዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ሁለት ጓደኞች ይኖሩ ነበር። የአንደኛው አባት ዓሣ አጥማጅ፣ የሁለተኛው አባት አናጢ ነበር። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ፈጣንና ደፋር ነው፤ ሁሉን ነገር ፈጥኖ ይጀምራል፣ ፈጥኖም ይተዋል። የአናጢው ልጅ ግን ዝግ ያለ ነው። አባቱ ሳይለካ እንጨት እንደማይቈርጥ ዘወትር ያይ ስለ ነበር፣ እርሱም ሳያስብ እጁን አያነሣም። ጠባያቸው ቢለያይም እጅግ ይዋደዱ ነበር።

የዓሣ አጥማጁ ሚስት ከሦስት ዓመት በፊት ሞታ ነበር። በሠርጋቸው ቀን በጣቱ ያደረገችለት የወርቅ ቀለበት መታሰቢያ ሆኖ ቀርቶት ነበር። አንድ ቀን መረቡን ከታንኳው አውጥቶ በአሸዋው ላይ ሲያራግፍ ቀለበቱ ከጣቱ ሾልኮ ወደቀ። መውደቁን ያወቀው ግን ማታ ቤቱ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በአሸዋው ላይ እየተንበረከከ ፈለገ፤ አላገኘም። በሦስተኛው ቀን እህል አልቀምስም አለ። ልጁም አባቱ ዝም ብሎ ባዶ ጣቱን ሲመለከት ባየ ጊዜ ልቡ አዘነ፤ ወደ ጓደኛውም ሄዶ ነገሩን ሁሉ ነገረው።

የአናጢው ልጅ አጎት በጉጂ ምድር፣ በሻኪሶ አጠገብ፣ ወርቅ ሲፈልግ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ነበር። ወደ ሐዋሳ በተመለሰ ጊዜ ወርቅ ፈላጊዎች ዲቴክተር የሚሉትን መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነበር። ይህም በመሬት ውስጥ ያለውን ብረት በድምፅ የሚያመለክት ረጅም ዘንግ ነው። ሁለቱ ልጆች ቀለበቱን እንዲፈልጉበት ለመኑት። አጎትዬውም ጥቂት አሰበና እንዲህ አላቸው።

«ልጆቼ፣ የጠፋ ነገር መፈለግ መልካም ነው፤ ውሰዱት። ነገር ግን ይህን ዕወቁ። ይህ ዘንግ ይጮኻል እንጂ አይናገርም። ብረት አለ ይላችኋል፤ ምን ዓይነት ብረት እንደ ሆነ ግን አይነግራችሁም። የሚመረምረው ሰው ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ከወደቀበት አሸዋ አትራቁ። ከአንድ ስንዝር በላይ አትቈፍሩ። የማታውቁትን ነገር ካያችሁ አትንኩ።»

ልጆቹም «እሺ፣ እንዳሉት እናደርጋለን» ብለው ዘንጉን ተሸክመው ሄዱ።

፪ ዘንጉ የሚጮኸው እንዴት ነው?

የዚህ መሣሪያ አሠራር እንዲህ ነው። በዘንጉ ጫፍ እንደ ሰሐን ክብ የሆነ ነገር አለ፤ በውስጡም የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከባትሪው የሚወጣው የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይፈጠራል። ይህም ኃይል በዓይን ሳይታይ ወደ መሬት ይገባል። ከመሬት በታች ብረት፣ ብር፣ መዳብ ወይም ወርቅ ካለ፣ በእርሱም ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይነሣና የራሱን የማግኔት ኃይል መልሶ ይልካል። መሣሪያው ያን መልስ ሲቀበል ይጮኻል። እንጨት፣ አጥንትና ሸክላ ግን እንዲህ ያለ መልስ ስለማይሰጡ፣ ዘንጉ በላያቸው ሲያልፍ ዝም ይላል።

ትልቅ ነገር ወይም ቅርብ ያለ ነገር ዘንጉን በኃይል ያስጮኸዋል፤ ትንሽ ነገር ወይም ጠልቆ ያለ ነገር ግን በቀስታ ያስጮኸዋል። የቀጭን ወርቅ ቀለበት ድምፅና የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ድምፅ ብዙ ጊዜ አይለያዩም። ብረት የበዛበት ቀይ አፈርም አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳይኖርበት ያስጮኸዋል። ስለዚህ ዘንጉን የያዘ ሰው ጆሮ ብቻ ሳይሆን ማስተዋልም ያስፈልገዋል።

በጥንት ጊዜ ታላላቅ ሊቃውንት እንኳ በዚህ ነገር ተቸግረዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመታ። ሐኪሞች ጥይቱ በሰውነቱ ውስጥ የት እንዳለ ለማወቅ አልቻሉም። በዚያን ጊዜ ቴሌፎንን በመሥራት ስሙ የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ብረት የሚያመለክት መሣሪያ ሠርቶ ወደ ሕመምተኛው አልጋ አመጣ። ነገር ግን አልጋው የብረት ሽቦ ነበረበት፤ ድምፁም ተደባለቀ። ደግሞም ሐኪሞቹ ጥይቱ አለ ብለው ባሰቡበት በአንድ ወገን ብቻ እንዲፈልግ ፈቀዱለት፤ ጥይቱ ግን በሌላው ወገን ነበር። ጥይቱ ሳይገኝ ቀረ፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሞተ። መሣሪያው አልዋሸም፤ ብረት አለ አለ፣ ብረትም ነበረ። ሰዎቹ ግን ድምፁ ከየት እንደ መጣ በጊዜው አልለዩም።

፫ በሐይቁ ዳር

ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱ ጓደኞች ወደ ሐይቁ ወረዱ። ታንኳዎች ቆሮሶና አምባዛ ጭነው ይመለሱ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ታላላቅ ወፎች ዓሣ የሚበልቱትን ሰዎች ከበው፣ እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብስበው ቆመው ነበር። ከታቦር ተራራ በኩል የጧት ነፋስ ይነፍስ ነበር።

የአናጢው ልጅ ከአባቱ የተማረውን አደረገ። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ያራገፈበትን ስፍራ ጠይቆ፣ በአራቱ ማዕዘን እንጨት ተከለ፤ በገመድም እየለካ ስፍራውን እንደ እርሻ ትልም ከፋፈለው። «አንዱን ትልም ሳንጨርስ ወደ ሁለተኛው አንሄድም» አለ። ጓደኛው ግን «ይህ ሁሉ ለምን? ዘንጉ ራሱ ይነግረን የለምን?» ብሎ ሳቀ።

ዘንጉ ጮኸ፤ ቈፈሩ፤ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ አገኙ። ሁለተኛ ጮኸ፤ የዛገ ምስማር ወጣ። ሦስተኛ ጮኸ፤ ዳግመኛ ቆርኪ ሆነ። አራተኛ ጮኸ፤ አሮጌ መንጠቆ ተገኘ። የአናጢው ልጅ ያገኙትን ሁሉ፣ የሰው እግር እንዳይወጋ ብሎ፣ በከረጢት ይሰበስብ ነበር። ከዚህ በኋላ በአንድ ስፍራ ዘንጉ በቀስታ ድምፅ ሰጠ። በአሸዋው ላይ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት በከፊል ተቀብሮ ይታይ ነበር። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ሰለቸውና «የጮኸው ይህ ወረቀት ነው፤ እንለፈው» አለ። የአናጢው ልጅ ግን በስፍራው ትንሽ ጭራሮ ተክሎ አለፈ።

ፀሐይ እየበረታች ሄደች። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ዘንጉን ተቀብሎ ከተከለለው ስፍራ ወጣ፤ የዝናብ ጎርፍ ወደ ቦረቦረው ገደልም ሄደ። በዚያ ዘንጉ አጥርቶ ጮኸ። ልጁ አፈሩን በሁለት እጁ ዛቀና አንድ ትልቅ ክብ ነገር መዞ አወጣ። በልብሱ በወለወለው ጊዜ የአንዲት ሴት መልክ ታየ፤ ማርያ ትሬዛ ብር ነበረ።

«ሀብታም ሆንን!» ብሎ ጮኸ። «አንድ ብር ካለ ሌላም አለ።»

የአናጢው ልጅ «የመጣነው ለአባትህ ቀለበት አይደለምን? አጎቴም ከአሸዋው እንዳንርቅ ነግሮናል» አለው።

«ቀለበቱ የትም አይሄድም» አለና ወደ ፊት ሮጠ። በዚያች ሰዓት የአባቱን ባዶ ጣት ረስቶ ነበር።

፬ ከባዱ ድምፅ

ከገደሉ ሥር ዘንጉ ከቀድሞው ሁሉ ይልቅ በኃይል ጮኸ። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ዘንጉን ጥሎ በመኮትኮቻ ይቈፍር ጀመር። አፈሩ በተገፈፈ ጊዜ የዛገ፣ ወፍራም፣ አንድ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ብረት ብቅ አለ። በግርጌውም አጠገብ የመዳብ መቀነት ነበረበት።

«ይህማ ከባድ ብረት ነው! ለቁራሌው ብንሸጠው ብዙ ገንዘብ ይሰጠናል» አለና መኮትኮቻውን ሊያሳርፍበት አነሣ።

የአናጢው ልጅ እጁን ያዘው። «ተው! ይህን ነገር ታውቀዋለህን?»

«ብረት ነው።»

«ብረት መሆኑን ዘንጉም ነግሮናል። ምን ብረት እንደ ሆነ ታውቃለህን?»

የዓሣ አጥማጁ ልጅ ተቈጣ፤ እጁንም ሊያስለቅቅ ታገለ። ጓደኛው ግን አልለቀቀውም። «ልትጣላኝ ብትወድ ተጣላኝ፤ ነገ እንታረቃለን። ዛሬ ግን አትመታውም» አለው። ይህን ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዓሣ አጥማጁ ልጅም የጓደኛውን ፊት አይቶ ዝም አለ፤ መኮትኮቻውንም በቀስታ አወረደ።

ሁለቱም በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ ተመለሱ። ብረቱን አልነኩትም፤ ድንጋይም አልወረወሩበትም። ሩቅ ቆመው መንገደኛ እንዳይጠጋ ነገሩ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅም መንገዱን እንዲጠብቅላቸው ለምነው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጡ። ፖሊሶች መጥተው ስፍራውን ከለሉ፤ ሕዝቡንም አራቁ። በኋላም ስለ ፈንጂ የተማሩ ወታደሮች መጥተው መረመሩት። ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ነበረ። ዝገት ውጪውን ቢበላውም በውስጡ ያለው ባሩድ አልሞተም ነበር። የሐይቆቹ አገር በ1933 ዓ.ም. የጦርነት ስፍራ ነበረና። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ከጣልያን ጦር ጋር በሻሸመኔ በኩል ውጊያ ተደርጓል፤ ግንቦት 11 ቀንም በሀላባ ቁሊቶ አጠገብ ብርቱ ጦርነት ሆኗል። ጦርነት ካለፈ በኋላ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ መሬት ውስጥ የቀረው ጥይት ግን ሰላም መሆኑን አያውቅም።

ከወታደሮቹም አንዱ፣ በአንገቱ ላይ እንደ ልጆቹ ዘንግ ያለ መሣሪያ አንግቶ የነበረ፣ እንዲህ ሲል ነገራቸው። «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል የፖላንድ መኰንን ፈንጂ የሚያመለክት መሣሪያ ሠራ። በ1935 ዓ.ም. በግብፅ አገር፣ በኤል አላሜይን ጦርነት፣ ወታደሮች በዚህ መሣሪያ በፈንጂ መካከል መንገድ ከፈቱ። እርሱም ለሥራው ገንዘብ ሳይጠይቅ መሣሪያውን ለእንግሊዝ ጦር በነፃ ሰጠ። እናንተ ዘንጉን የያዛችሁት ለማግኘት ነው፤ እኛ የምንይዘው ሰው እንዳይጠፋ ነው። ዛሬ ግን እናንተም የእኛን ሥራ ሠርታችኋል።»

ማታ የዓሣ አጥማጁ ልጅ ለአባቱ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ስሕተቱንም አልደበቀም። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ብር ባገኘሁ ጊዜ ቀለበትዎን ረሳሁት» አለ። ዓሣ አጥማጁ ልጁን ወደ ደረቱ ስቦ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም «ቀለበቱ ባይገኝ ይቅር፤ አንተ ተገኝተህልኛል» አለው። በዚያች ሌሊት ከልጁ ጋር አብሮ እራት በላ።

፭ መምህሩ የጠየቀው ጥያቄ

ሰኞ ዕለት ሁለቱ ጓደኞች ማርያ ትሬዛውን ብር ይዘው ወደ መምህራቸው ሄዱ። መምህሩ ብሩን አገላብጦ አየና «በላዩ የተጻፈው ዓመት ስንት ነው?» አለ።

የዓሣ አጥማጁ ልጅ አንብቦ «1780 ይላል» አለ።

«እንግዲህ ይህ ብር በዚያ ዓመት የተሠራ ይመስልሃልን?»

«አዎን፣ ተጽፎበታልና።»

መምህሩ ፈገግ አለ። «የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ግን ይህ ብር ያንኑ ዓመት እየተጻፈበት ብዙ ዘመን ሲሠራ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ በአገራችንም ሰዎች በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ ሲገበያዩበት ኖረዋል። ስለዚህ ጽሕፈቱ ብቻ ዘመኑን አይነግረንም። አብሮት የነበረው ነገር ቢታወቅ ግን ሊነግረን ይችል ነበር። ምን ያህል ጥልቀት ነበረው? በአጠገቡ ሸክላ ወይም ከሰል ነበረን? በከረጢት ነበረን ወይስ ብቻውን?»

የዓሣ አጥማጁ ልጅ አንገቱን ደፋ። ብሩን በጥድፊያ ስለ መዘዘው ምንም አላየም ነበር። መምህሩም እንዲህ አለው። «ልጄ፣ ብሩን አገኘኸው፤ ታሪኩ ግን በእጅህ መካከል አለቀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አንዳንድ ነገር ግን አንዴ ከፈሰሰ አይለቀምም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ያለ ፈቃድ ቅርስ ለመፈለግ መቈፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ወዲያው ለሚመለከታቸው ሰዎች እንዲያስታውቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ ሳያበላሽ እንዲጠብቅ ያዛል።

«በአክሱም የሆነውን ስሙ። በ1970ዎቹ ዓመታት ገበሬዎች በመሬት ውስጥ የተጻፈበት ትልቅ ድንጋይ አገኙ። የንጉሥ ዒዛና ጽሕፈት ነበረ፤ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደል የተቀረጸ። ድንጋዩን ከስፍራው የሚያነሣውን የሚረግም ቃልም አለበት። ስለዚህ ድንጋዩን ወደ ሌላ አገር አልወሰዱትም፤ በተገኘበት ስፍራ ቤት ተሠራለት።

«ደግሞ በአፋር ምድር፣ በሐዳር፣ የሆነውን ስሙ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አብረው አጥንት ፍለጋ ወጡ። ወደ መኪናቸው ሊመለሱ ሲሉ ትንሽ የክንድ አጥንት አዩ። ቸኩለው ሁሉን አላፈሱም። ስፍራውን አመልክተው ከጓዶቻቸው ጋር ተመለሱ፤ ብዙ መቶ ቍርጥራጮችንም በብዙ ቀን ትዕግሥት ለቀሙ። እርስዋም ድንቅነሽ ናት። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላት የታወቀው በአጥንትዋ ብቻ አይደለም፤ በተገኘችበት ስፍራ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ ነው። አስተውሉ፤ የሚጮኽ ዘንግ በድንቅነሽ ላይ ቢያልፍ ዝም ይል ነበር። በኢትዮጵያ ምድር ከተገኙት ሁሉ የከበረችው ወርቅ ወይም ብር አልነበረችም።»

ልጆቹም ከመምህሩ ጋር ሄደው ብሩን ለባህል ቢሮ አስረከቡ፤ ገደሉንም ከሩቅ አመለከቱ።

፮ ትንሹ ድምፅ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ ጓደኞች ወደ አሸዋው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ዓሣ አጥማጁም አብሯቸው ነበረ። ዘንጉን የያዘው የአናጢው ልጅ አልነበረም፤ የዓሣ አጥማጁ ልጅ ነበር። በገመዱ ትልም ላይ አንድ እርምጃ እየሄደ፣ ዘንጉን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በዝግታ ያወዛውዝ ነበር። ሦስት ትልም አልፈው ትንሹ ጭራሮ ወደ ተተከለበት ስፍራ ደረሱ። ዘንጉ እንደ ቀድሞው በቀስታ ጮኸ።

የዓሣ አጥማጁ ልጅ ተንበርክኮ የሲጋራውን ወረቀት አነሣ፤ ወደ ጎንም አኖረው። ከዚያ ቆመና ዳግመኛ ዘንጉን በስፍራው ላይ አሳለፈ። ዘንጉ አሁንም ጮኸ። ልጁ መኮትኮቻውን አላነሣም፤ አሸዋውን በጣቱ ጥቂት በጥቂት ገለጠ። አራት ጣት ያህል በወረደ ጊዜ ቀጭን ቢጫ ክብ ታየ።

ልጁ ቀለበቱን አላነሣውም። «አባባ፣ እርስዎ ያንሡት» አለ። ዓሣ አጥማጁ በእጁ መንቀጥቀጥ ምክንያት ሁለት ጊዜ ጣለው፤ በሦስተኛው ግን በጣቱ አገባው። ለሁለቱም ልጆች ግንባራቸውን ሳማቸው፤ ወደ ሐይቁም ዘወር ብሎ ዕንባውን ጠረገ።

የአናጢው ልጅ ጓደኛውን «ባለፈው ሳምንት በላዩ አልፈን ነበር» አለው።

«አዎን» አለ የዓሣ አጥማጁ ልጅ። «ታላቁ ጩኸት ሞት ነበረ፤ ትንሹ ድምፅ ግን የአባቴ ቀለበት።»

ዘንጉን ሲመልሱለት አጎትዬው «ዘንጉ ምን አስተማራችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። የዓሣ አጥማጁ ልጅም «ዘንጉስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይላል። ያስተማረኝ እጄን የያዘው ጓደኛዬ ነው» ብሎ መለሰ።

ጥያቄ

1. የአናጢው ልጅ አሸዋውን በገመድ የከፋፈለው ስለ ምን ነው?
2. የዓሣ አጥማጁ ልጅ የአባቱን ቀለበት የረሳው በምን ጊዜ ነው?
3. የማይታወቅ ብረት በመሬት ያገኘ ልጅ ምን ማድረግ ይገባዋል? ለማንስ ይነግራል?
4. ቤል የፕሬዚዳንቱን ጥይት ሳያገኝ የቀረው በምን ምክንያት ነው?
5. ድንቅነሽን ያገኙት ሰዎች ቢቸኩሉ ኖሮ ምን ይጠፋ ነበር?
6. ጓደኛውን ከክፉ ሥራ የሚከለክል ሰው ጠላት ነውን ወይስ ወዳጅ? ምክንያቱን ተናገር።